ለማይታዩት እንግዶች የተደረገ ዝግጅት

ስለ ፌይሪዎች አንድም ቃል ሳይነሳ ጠዋቱን ሙሉ ስለ ሽንት ቤት ስንነጋገር አረፈድን። የተሰበሰብነው በዋሽንግተን ስቴት፣ ከካስኬድ ተራሮች በስተምሥራቅ፣ ሜትሃው በሚባለው ሸለቆ ውስጥ ባለ አንድ አሮጌ የገበሬ ጎተራ ነው። ወለሉ ላይ የድርቆሽ ብናኝ ተነስንሷል። ግድግዳው ላይ የመስኩ ካርታ በምስማር ተመቷል። ካርታው ላይ በቀይ የተከበቡት ቦታዎች ጸሎት የሚደረግባቸው አይደሉም፤ ጉድጓድ የሚቆፈርባቸው ናቸው። ከምንጩ ምን ያህል ይራቁ? ሰጋቱራው ከየት ይምጣ? ማን ያፍስስ፣ ማን ያጽዳ? አንዲት ሽበታም ሴት እርሳሷን ጆሮዋ ላይ ሰክታ ሁሉንም አንድ በአንድ ትጠይቃለች፤ መልስ ሳታገኝም ወደሚቀጥለው አታልፍም።

የዝግጅቱ ዓላማ ከጉድጓድ የራቀ ነበር። በጁን ማብቂያ፣ ቀኑ ከዓመቱ ሁሉ በሚረዝምበት ሰሞን፣ መብራትም ስልክም በሌለበት መስክ ድንኳን ተክሎ መሰንበት፤ ዛፉን፣ ውሃውን፣ ድንጋዩንና በእነሱ ውስጥ ይኖራሉ የሚባሉትን የማይታዩ ፍጥረታት፣ ማለትም ፌይሪዎችን፣ ማክበር፤ መዝፈን፣ ዝም ብሎ መቀመጥ፣ አብሮ አብስሎ መብላት። ከአዘጋጆቹ አንዳንዱ በፌይሪዎቹ ከልቡ ያምናል። አንዳንዱ «እኔ ለምድሪቱ ያለኝን ፍቅር የምገልጽበት መንገድ ነው» ይላል። አንድ ሁለቱ ደግሞ የመጡት ለሙዚቃውና ለምግቡ ነው ብል ሐሜት አይሆንብኝም።

እኔ የመጣሁት ለቡናው ነው። ባለ እርሳሷ ሴት ሲያትል ውስጥ ከእናቴ አጠገብ የጋራ አትክልት ቦታ አላት። እናቴ ጎመንና ጤና አዳም ትኮተኩታለች፣ እሷ በቆሎና አበባ። ቋንቋ ባያግባባቸውም ቡና አግባብቷቸዋል። እናም በጉባኤው መክፈቻ ላይ «የእናትህ ዓይነት» ቡና እንዲፈላ ለመነች። ጥያቄውን ለእናቴ ስተረጉምላት ፊቷ ተለዋወጠ።

«ጫካ ገብቼ ዛር ልጠራ ነው? በስመ አብ!»

«ዛር አይደለም እማዬ። ዛፍና ውሃ የሚጠብቁ ናቸው ይላሉ።»

«እሱማ አድባር ነዋ።» ትንሽ አሰበች። «አድባር ደግሞ ድግስ እንጂ ስብሰባ አይወድም። እኔ ጉልበቴም አይችል፤ አንተ ሂድና አፍላላቸው። ብቻ እንዳታሳርርብኝ።»

የቅድመ ዝግጅቱ ጉዞ በሜይ መጀመሪያ ነበር፤ ለእኛ ሚያዝያ አልቆ ግንቦት ሊጠባ ሲል። ከሲያትል ተነስቶ በመንገድ ቁጥር 20 ሲያቋርጡ አራት ሰዓት ያህል ይወስዳል። መንገዱ ለመኪና የተከፈተው በ1972 (እ.ኤ.አ.) ሲሆን በብርዱ ወራት የበረዶ ናዳ ስለሚወርድበት ይዘጋል። ማርብልማውንት ላይ ነዳጅ ያልሞላ ሰው ከተራራው ማዶ እስኪወርድ ድረስ ማደያ አያገኝም። ከዚያ በኋላ ግድቦቹ ይመጣሉ። የዲያብሎ ሐይቅ ውሃ የግግር በረዶ የፈጨውን የድንጋይ ዱቄት ስለሚሸከም ቀለሙ ሰማያዊም አረንጓዴም ሳይሆን መካከል ላይ ይቆማል። የሐይቁን ስም ለእናቴ አልነገርኳትም። ሲያትል ከምትጠቀምበት መብራት ከፊሉ የሚመጣው ከእነዚህ ግድቦች ነው። ከመብራት ሸሽቶ ወደ ተፈጥሮ የሚሄደው ሰው ሁሉ መጀመሪያ በመብራቱ ማመንጫ በኩል ማለፉ አሳቀኝ።

የመንገዱ ከፍተኛ ቦታ ዋሽንግተን ፓስ 1,669 ሜትር ነው። አዲስ አበባ ተወልዶ ላደገ ሰው ይህ ዝቅ ያለ ቦታ ነው ማለት ነው፤ ግን መንገዱ ግራና ቀኝ የተቆለለው በረዶ ከመኪናዬ ጣሪያ ይበልጣል። ከዚያ ሲወርዱ ሌላ አገር ነው። ተራራው ከምዕራብ የሚመጣውን ደመና ጨምቆ ይጨርስና ለምሥራቁ የሚያሳልፈው ጥቂት ብቻ ነው። በእርጥበትና በዛፍ ሽበት የተሸፈነው ደን ያበቃና ሰፊ ሰማይ፣ ቢጫ ኮረብታ፣ ተራርቀው የቆሙ ፖንዴሮሳ የሚባሉ ረጃጅም ጥዶች ይጀምራሉ። ዊንትሮፕ የምትባለው ከተማ ቱሪስት ለመሳብ ብላ እንደ ድሮ ካውቦይ ፊልም ተቀባብታለች። አይስክሬም በልቼ አለፍኳት፤ ከዚያ በላይ የምለው የለኝም። ትዊስፕ ግን ሰው የሚኖርባት ከተማ ትመስላለች፤ ሁለት ወንዞች የሚገናኙባት፣ ዳቦ ቤቷ ጠዋት በሰው የሚሞላ።

ኮረብታዎቹ በዚያ ሰሞን ቢጫ ለብሰው ነበር። አበባው ባልሳምሩት ይባላል፤ ቅጠሉ ሰፊና ብርማ፣ አበባው በመስከረም እንጦጦ ላይ የሚያዩትን አደይ የሚያስታውስ፣ ግን ተለቅ ያለ። የሸለቆው የጥንት ባለቤቶች፣ ሜትሃው የሚባለው ሕዝብ፣ ሥሩንም ፍሬውንም ሲበላው ኖሯል። ሥሩ ወደ ጥልቅ ስለሚወርድ ድርቅ ብዙ አይነካውም። እሳት ከላይ ቢበላውም ከታች መልሶ ያቆጠቁጣል።

በፌይሪ ማመን ግን እዚህ አልበቀለም። ሥሩ ስኮትላንድና አየርላንድ ነው። ሮበርት ከርክ የተባለ የአበርፎይል ቄስ ስለ እነዚህ ፍጥረታት ጽፎ በ1692 ሲሞት ምእመናኑ «አልሞተም፤ ኮረብታው ውስጥ ወስደውት ነው» አሉ፤ ወሬው እስከ ዛሬ አለ። በ1962 ደግሞ በሰሜን ስኮትላንድ ፊንድሆርን በሚባል የባሕር ዳርቻ ጥቂት ሰዎች አሸዋ ላይ ጎመን መትከል ጀመሩ። ከመካከላቸው ዶሮቲ ማክሊን ከተክሎቹ መንፈስ ጋር እነጋገራለሁ ትል ነበር። የጎመኑ ግዝፈት ዝና አተረፈ፣ መንደሩ ተስፋፋ፣ ሐሳቡም ውቅያኖስ ተሻገረ። ወደ ሜትሃው ሸለቆ ይዞት የመጣው ማይክል ፒላርስኪ የተባለ የፐርማካልቸር አስተማሪ ነው፤ «የፌይሪዎችና የሰዎች ግንኙነት ጉባኤ» የተባለውን ስብሰባ በ2001 ጀመረ። እኔ ያለሁበት ቡድን ከዚያ በጣም ያነሰ፣ ራሱን የቻለ ነው። ያም ሆኖ ብዙዎቹ እዚያ ተገኝተው የቀመሱ ናቸው።

ከምሳ በፊት መስኩን እየዞርን አየን። የመራን ከአዘጋጆቹ አንዱ፣ ጡረታ የወጣ የደን እሳት ተከላካይ ነው። ትልቅ ሰው ነው፤ ድምፁ ዝግ ያለ፣ ዓይኑ ሁልጊዜ መሬት ላይ። አንድ ፖንዴሮሳ ጋ አቆመንና «አሽትቱት» አለን። አፍንጫችንን ወደ ቅርፊቱ ስንጥቅ ስናስጠጋ እውነትም የቫኒላ ሽታ አለው። ፌይሪ ወዳዶቹ ተደሰቱ። እሱ ግን ለሌላ ነገር ነበር ያቆመን። ቅርፊቱ ወደ ውስጥ ስንት ጣት እንደሚገባ በእጁ እያሳየ፣ ትልልቆቹ ዛፎች መሬት ለመሬት የሚሄድ ቀላል እሳት እንደሚችሉ፣ የጥንቶቹ ነዋሪዎች ሆን ብለው በየጊዜው ቀለል ያለ እሳት ይለቁ እንደነበር፣ ከመቶ ዓመት በላይ እሳት ሁሉ ሲጠፋ ቁጥቋጦው እንደተከማቸ ነገረን። ከዛፉ ሥር አንድ ቀጭን ሣር ነቅሎ በሁለት ጣቱ አሸው። ገና በሜይ ከፊሉ ደርቋል። ቺትግራስ ይሉታል፤ ከውጭ የገባ አረም ነው። ፍሬው እንደ መርፌ ስለሆነ በካልሲዬ ገብቶ እስከ ማታ ሲወጋኝ ዋለ።

«ጁን ላይ ይህ ሁሉ ማቀጣጠያ ነው» አለ።

ሰውየው ያለ ምክንያት አልፈራም። በጁላይ 2014 መብረቅ ያስነሳው የካርልተን እሳት እዚሁ አካባቢ ከ100,000 ሄክታር በላይ አቃጥሎ ከ300 የሚበልጡ ቤቶችን አውድሟል፤ ከወንዙ በታች ያለችው ፓተሮስ ከተማ ብዙ ቤት ያጣችው ያን ጊዜ ነው። በዓመቱ፣ በኦገስት 2015፣ ትዊስፕ አጠገብ ሦስት የእሳት ተከላካዮች ሞቱ። ይህን ሲናገር አላብራራም፤ እኛም አልጠየቅነውም። መስኩ አንድ መውጫ መንገድ ብቻ ነው ያለው። ስለዚህ የመጀመሪያ ሕጉ ይህ ሆነ፦ የሚመጣ መኪና ሁሉ ፊቱን ወደ መውጫው አዙሮ ይቁም፤ ቁልፉም ባለቤቱ ኪስ ውስጥ ሳይሆን መኪናው ውስጥ ይሁን። የነፍስ ጉዳይ ለማውራት የመጣ ሰው መኪናውን ለሽሽት አዘጋጅቶ መቀመጡ መጀመሪያ ግር ይላል። ሲያስቡት ግን ሌላ ምን ዓይነት ጨዋነት አለ? የሰው አገር ሲገቡ መውጫን ማወቅ ከእኛም አባቶች ምክር አይርቅም።

ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «ቡናው በምንድን ነው የሚፈላው?»

በከሰል አልኩ።

«ከሰሉ ሲራገብ ፍንጣሪ ይበራል?»

መዋሸት አይቻልም፤ ይበራል። ማራገቢያውን ጠበቅ አድርገው ሲይዙት ደግሞ ደህና አድርጎ ይበራል፤ የእናቴ ነጠላ ላይ ያሉት ትንንሽ ቀዳዶች ምስክር ናቸው። «ዕጣኑስ?» ዕጣንም ያለ ፍም አይጨስም። ራሱን ነቀነቀ። እሳት ሲከለከል የሚፈቀደው ማጥፊያ ያለው የጋዝ ምድጃ ብቻ ነው፤ ቁልፉ ሲዞር ወዲያው የሚሞት። ቡታጋዝ ማለት ነው። ረከቦቱ፣ ስኒው፣ ጀበናው ይምጣ፤ ከሰልና ማጨሻ ግን በዚያ በር አይገቡም።

ማታ ትዊስፕ ወርጄ ኔትወርክ ሳገኝ ለእናቴ ደወልኩ። «ያለ ዕጣን? ታዲያ ምኑን ቡና ሆነ!» አለች። ጥቂት ዝም አለችና፣ «ቡናው ሲቆላ ይጨስ የለ? እሱ ይበቃቸዋል። ምጣዱን በየሰው አፍንጫ አዙርላቸው።» ለጉዝጓዙም ቄጤማ ከየት ይምጣ የሚል ጥያቄ ነበረብኝ። የመሬቱ ባለቤት እየሳቀ ቺትግራሱን የፈለግኩትን ያህል ልጨድ ፈቀደልኝ። ግን በዚያ መርፌ ላይ እግር አጥፎ የሚቀመጥ ሰው አይገኝም። ጉዝጓዙ ቀረ።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ የማር ጉዳይ ተነሳ፤ ያን ያህል የሚያከራክር አልመሰለኝም ነበር። ለፌይሪዎች ማር፣ ወተትና ክሬም ማስቀመጥ ከስኮትላንድና ከአየርላንድ የመጣ ልማድ ነው። አንዲት ወጣት በየዛፉ ሥር ትንንሽ ሳህን ልታኖር አቅዳ ሳህኖቹን ከሸክላ ራሷ ሠርታ አምጥታለች። ቅጠል የሚመስሉ፣ ከመዳፍ የማይበልጡ፣ የጣቷ አሻራ ጠርዛቸው ላይ የቀረ። ሁሉም እየተቀባበለ አደነቀ። ከዚያ የመሬቱ ባለቤት ጉሮሮውን ጠረገ። ሸለቆው ውስጥ ጥቁር ድብ አለ። ማር የለመደ ድብ ወደ ድንኳን ይመጣል፤ ወደ ድንኳን የመጣ ድብ ደግሞ መጨረሻው ጥይት ነው። ማር ተርብም ይስባል፤ ሕፃናትም ይኖራሉ። ልጅቷ ተከራከረች፦ ስጦታ ካልሰጠን ምን ልናከብር ነው የመጣነው? አንዱ «ማታ አስቀምጠን ወዲያው እናንሳው» አለ። ሌላዋ «ሰጥቶ መንሳት ከሁሉ የባሰ ነው» አለች። በመጨረሻ ባለ እርሳሷ ሴት ፈረደች፦ በሳህኖቹ ውሃ ይደረግ፤ በዚህ ደረቅ አገር ከማር ይልቅ ውሃ ይከብዳል፤ ወፍም ትጠጣዋለች። ልጅቷ ተቀበለች፤ ፊቷ ግን ወዲያው አልበራም። እኔ በበኩሌ በየአድባሩ ግንድ ላይ የሚቀባውን ቅቤ አስቤ፣ እኛ አገር ድብ አለመኖሩ ጥሩ ነው አልኩ በልቤ።

ብልጭልጩ ደግሞ አለ። በእንዲህ ያለ ስብሰባ ክንፍ አጥልቆ፣ ፊቱን በብልጭልጭ ቀብቶ የማይመጣ ሰው የለም። ብልጭልጩ ግን አብዛኛው የፕላስቲክ ብናኝ ነው፤ አንዴ ሣር ውስጥ ከገባ ለቅሞ የሚጨርሰው የለም። ተከለከለ። ዛፍ ላይ የሚታሰረው ሪባንም ከጥጥ ወይም ከሱፍ ብቻ እንዲሆን፣ በመዝጊያው ቀንም አሳሪው ራሱ እንዲፈታው ተወሰነ። ስኮትላንድ ውስጥ ሙንሎኪ በሚባል ቦታ፣ ሰዎች ለፈውስ ብለው ጨርቅ የሚያስሩበት ምንጭ ዙሪያ ዛፎቹ በናይለንና በፕላስቲክ እስኪታፈኑ ደርሰው በ2022 አንድ ሰው ሳያስፈቅድ ጠራርጎ አነሳውና ጭቅጭቅ ተነሳ። እዚያ የደረሰው እዚህ እንዳይደርስ ነው። የፌይሪ ቤት የሚሠራ ሰው ደግሞ የወደቀውን ጭራሮ ይጠቀም እንጂ ከዛፍ ሽበት እንዳይልጥ፤ ሽበቱ ተመልሶ ለመብቀል ዓመታት ይፈጃል።

የተጋባዡን ቁጥር የወሰነው የውሃ ጉድጓዱ ነው። በመጀመሪያው ሐሳብ 150 ሰው ሊጠራ ታቅዶ ነበር። የመሬቱ ባለቤት ጉድጓዱ በደረቅ ዓመት በቀን ምን ያህል እንደሚሰጥ በወረቀት ጽፎ አመጣ፤ ለመጠጥ፣ ለወጥ ቤት፣ ለእጅ መታጠቢያ፣ ለእሳት መከላከያ መጠባበቂያ ሲካፈል ከ60 ሰው አይዘልም። «ውሃ በቦቴ እናስመጣ» የሚል ተነሳ። ባለቤቱ አልፈለገም፤ ቦቴ በዚያ ቀጭን መንገድ ሲመላለስ አቧራው ለጎረቤት ነው፣ ደግሞም ከሌላ ሰው ጉድጓድ የተቀዳ ውሃ ነው። ቁጥሩ ሲቀንስ ግን መግቢያው ይወደዳል። ኢንሹራንሱ፣ የካውንቲው ፈቃድ፣ የሽንት ቤቱ ወጪ ለ150 ሰው የታሰበው ለ60 ሲካፈል ጫካ መግባት ገንዘብ ያለው ብቻ የሚችለው ነገር ሊሆን ነው። ክርክሩ እዚህ ላይ መረረ። መፍትሔው ከሞላ ጎደል ይህ ሆነ፦ አሥር ሰው በጉልበቱ ይገባል፤ ድንኳን ይተክላል፣ ድስት ያጥባል፣ ጉድጓድ ይቆፍራል። እኔ እዚህ ዝርዝር ውስጥ ነኝ።

በዚያው ሰሞን ግንቦት ልደታ ደርሳ ነበር። የልደታን ዝግጅት የሚያውቅ ሰው ይህን ሁሉ ስብሰባ ሲያይ ፈገግ ማለቱ አይቀርም። የሰፈር ሴቶች አንድ ቀን ቡና ላይ ተቀምጠው ገንዘብ ያዋጣሉ፤ ስንዴው፣ ባቄላው፣ ሽምብራው ይከፋፈላል፤ ማለዳ ንፍሮው ደጅ ይጣዳል፤ ዳቦ ይቆረሳል፤ እመቤታችን የተወለደችው በሊባኖስ ተራራ፣ ከቤት ውጭ ነው ስለሚባል ማንም ቤቱ ገብቶ አይበላም። ኢንሹራንስ የለም፣ ካርታ የለም። ግን እኛም ዘንድ የሚቆጠር ነገር አለ፤ ማን ታሟል፣ ማን ሐዘን ላይ ነው፣ ለማን ቤት ንፍሮ ይላክ የሚለው ሳይታወቅ ድስቱ አይወርድም።

አያቴ መንደር ልደታ የሚበላው በአንድ ዋርካ ሥር ነበር። ዋርካው አድባር ነው። አያቴ ማርያምን አጥብቃ የምትወድ፣ ጾም የማትገድፍ ሴት ስትሆን በልደታ ቀን ግን ከስኒዋ ጠብ አድርጋለት ነበር የምትጠጣው። ዘመዶቻችን ሲማሩ አፈሩባት። «ባዕድ አምልኮ» አሏት፣ «ኋላ ቀር» አሏት፤ እንደየዘመኑ ስሙ ተቀያየረ። ዋርካውም መንገድ ሲሰፋ ተቆረጠ። ያቆመው ሰው አልነበረም። አየርላንድ ውስጥ ላቱን በሚባል ስፍራ ግን በ1999 ትልቅ አውራ ጎዳና ሊያልፍበት የነበረን አንድ እሾሃማ ቁጥቋጦ፣ የፌይሪዎች መገናኛ ነው ብሎ ኤዲ ሌኒሃን የተባለ ተረት ነጋሪ ጮኸለት፤ መሐንዲሶቹም ንድፉን አስተካክለው ቁጥቋጦው ተረፈ። ተረት ነጋሪና መሐንዲስ ሲስማሙ እንዲህ ይሆናል። እኛ ዘንድ ሁለቱም አሉ፤ አንድ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠው ግን አያውቁም።

ወደ ጎተራው ልመለስ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ፣ ከፊሉ ሰው ዕቃ ሊያጥብ ሲወጣ፣ የመክፈቻ ሥርዓቱ ጽሑፍ ተነበበ። ያማረ ጽሑፍ ነው። አራቱን አቅጣጫ ይጠራል፣ የአየርላንድን ነገሥታተ ፌይሪ በየስማቸው ይጠራል፣ «የዚህ ሸለቆ ጠባቂዎች ሆይ፣ ወደ ክበባችን ግቡ» ይላል። ካለቀ በኋላ ትዊስፕ የምታስተምር አንዲት ሴት እጇን አወጣች። «ይህ ሸለቆ ሰው አለው» አለች። «ወደ ክበባችን ግቡ የምንለው እኛ እነማን ነን?»

ነገሩ እውነት ነው። ሸለቆው በ1879 ለአለቃ ሞሰስና ለተከታዮቹ በተከለለው የነባር ሕዝቦች መሬት ውስጥ ነበር። ጥቂት ዓመት ሳይቆይ ክልሉ ፈረሰ፣ በ1886 ለሰፋሪዎች ተከፈተ፤ ሜትሃዎቹ ወደ ኮልቪል ክልል ሄዱ። ዛሬ በዚያ ከተባበሩት አሥራ ሁለት ነገዶች አንዱ ናቸው። አልጠፉም። በ2022 አንድ የሸለቆው የመሬት ጥበቃ ድርጅት በቺዋክ ወንዝ ዳር ያለ 133 ሄክታር ያህል መሬት ገዝቶ መልሶላቸዋል፤ ሳልሞን ዓሣ የሚራባበት ወንዝ ነው። እንግዲህ የዛፉንና የውሃውን ጠባቂዎች በስም የሚያውቅ ሰው ካለ በመኪና ሩቅ ሳይኬድ ይገኛል። ጽሑፉ ውስጥ ግን አየርላንድ እንጂ ሜትሃው አልነበረም።

ጎተራው ውስጥ ብዙ ተባለ። ጥቂቶቹ «መንፈስ ድንበር የለውም» አሉ። ሌሎቹ ሜትሃዎቹን ጠርተን እነሱ ይባርኩት አሉ፤ መምህሯ ግን «ተጠርቶ እንዲባርክ ማዘዝና ሄዶ መጠየቅ አንድ አይደለም» አለች። በመጨረሻ ለነገዱ ጽሕፈት ቤት ደብዳቤ እንዲጻፍ፣ መልስ እስኪመጣም ጥሪው በሙሉ ከመክፈቻው እንዲወጣ ተወሰነ። ጥሪው ሲወጣ መክፈቻው ላይ የቀረው መተዋወቅና ቡና ብቻ ሆነ። ለእናቴ ስነግራት «ከመጀመሪያውስ ሌላ ምን ያስፈልግ ነበር?» አለች።

የእኔን ፍርድ ልናገር። በፌይሪዎች አላምንም፤ አያቴ ጠብ ታደርግለት በነበረው አምን እንደሆነም ለራሴ አልመለስኩም። በእነዚህ ሰዎች ጥንቃቄ ግን አምናለሁ። የማሩን ክርክር ያየ ሰው ለድቡ፣ ለተርቡ፣ ለጎረቤቱ ጉድጓድ የተጨነቀን ሕዝብ በሞኝነት አይከስም። ጉድለታቸው ሌላ ነው። ሽንት ቤቱ ጠዋት በሙሉ ጉልበት ሲነሳ የመሬቱ ባለቤቶች ጉዳይ ማታ፣ ግማሹ ሰው ከወጣ በኋላ፣ ያውም በአንዲት መምህር ድፍረት መነሳቱ ቅደም ተከተሉን ገልብጦታል። እኛ ዘንድ ወደ ሰው አድባር ሳያስፈቅዱ አይኬድም፤ ሽማግሌ ይጠየቃል፣ ከዚያ ነው ድንኳኑም ጉድጓዱም። ደብዳቤው ከካርታው በፊት መጻፍ ነበረበት።

በሲያትልና በአካባቢው የምትኖሩ፣ ሸለቆውን ለማየት ካሰባችሁ ጥቂት ልንገራችሁ። መንገድ 20 በብርዱ ወራት ዝግ ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚከፈተው በጸደይ ስለሆነ ከመነሳታችሁ በፊት አረጋግጡ። ቢጫው አበባ በሜይ ነው። ትዊስፕ ከተማ ውስጥ የሸለቆውንና የሜትሃው ሕዝብን ታሪክ የሚያሳይ ማዕከል አለ፤ ወደ ኮረብታው ከመውጣታችሁ በፊት እዚያ ግቡ። እባብም ስላለ፣ ያውም ጅራቱን እያንኳኳ የሚያስጠነቅቀው ዓይነት፣ ረዥም ጫማ አድርጉ። ውሃችሁን ከቤት ይዛችሁ ሂዱ። ቡና ማፍላት ካማራችሁም በቡታጋዝ ይሁን፤ ከሰሉን ቤት ተዉት።